እምቢ የማይል መስኮት

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ክልል አደረጃጀት ስሟገት ታውቁኛላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ጥቁር ፌስታል ነው። ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ የሚመስለው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

ፌስታሉ የአክስቴ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ አንጋጫ ሄጄ ነበር። ሐምበሪቾ ጉም ተከናንቧል፤ ጓሮው እንሰት ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል፤ አክስቴ ምድጃው ዳር ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ቡናው ካበቃ በኋላ ፌስታሉን ከራስጌያቸው አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩትና በከምባትኛ፣ «አንተ ዶክተር አይደለህ? እስቲ አንብበህ ንገረኝ፤ የጎደለኝ ወረቀት የትኛው ነው?» አሉኝ። የእኔ ዶክትሬት የታሪክ እንጂ የሕክምና አለመሆኑን ከቤተሰባችን የተቀበለ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እኔም ማስረዳቱን ከተውሁ ቆይቻለሁ።

ወረቀቶቹን ምንጣፉ ላይ ደረደርኋቸው። ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የተጻፈ ሪፈር አለ። ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የተጻፈ ሌላ ሪፈር አለ። የጡት ካንሰር መሆኑን የሚናገር የናሙና ምርመራ ውጤት አለ። በየ21 ቀኑ የሚቆጠር የኬሞ ቀጠሮ ካርድ፣ ከግል መድኃኒት ቤት የተቆረጡ ደረሰኞች፣ ከቀበሌ የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት የጤና መድን መታወቂያም አሉ። በጠቅላላው 31 ወረቀት። ሁሉም ማኅተም አላቸው። ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብሁ። «አንከፍልም» የሚል ግን አንድም አላገኘሁም።

የሆነው እንዲህ ነው። አክስቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው፤ መዋጯቸውን አቋርጠው አያውቁም። የሪፈሩን ደረጃ ሁሉ በሥርዓቱ ተከትለው ኬሞ ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ደረሱ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ ጉዳዩ የአንድ ሆስፒታል ጉዳይ አይደለምና። የመጀመሪያው ዙር መድኃኒት ተገኘ፤ ያለ ክፍያ ተሰጣቸው። በሁለተኛው ዙር መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ሰው፣ «የለም፤ ከውጭ ግዙ» አለ። ተገዛ። ደረሰኙ ወደ መድኑ ቢሮ ሲቀርብ፣ «ሆስፒታሉ መድኃኒቱ የለም ብሎ በማኅተም ያረጋግጥ» ተባለ። ወደ ሆስፒታሉ ሲመለሱ መስኮቱ፣ «የለም ብለን እንድንጽፍ አልተፈቀደልንም» አላቸው። በቃል «የለም» ማለት ይቻላል፤ በጽሑፍ ግን አይቻልም። ከሁለት ወር ምልልስ በኋላ አንድ ቅን ሰው ተገኝቶ ማኅተሙን ቢያሳርፍም፣ መድኃኒቱ የተገዛበት ፋርማሲ ከመድኑ ጋር ውል የሌለው መሆኑ ተነገራቸው። ይህ ሲጣራ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ተዘጋ። በዚህ ሁሉ መሐል አክስቴን በክፉ ቃል የተናገራቸው ሰው አልነበረም። «ነገ ይምጡ እናቴ» ነበር የሚሏቸው።

የታሪክ መምህር ነኝና ወረቀት ሳይ ከየት መጣህ ማለት ልማዴ ነው። የዚህም ፌስታል ታሪክ አክስቴ ከታመሙበት ቀን የሚርቅ ይመስለኛል።

በልጅነቴ በቤታችን ሌላ ወረቀት ነበር። አባቴ ታናሽ ወንድሜን ሊያሳክም ሲነሣ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያው ሳይሆን ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። «የዚህ ጓድ ገቢ አነስተኛ ስለሆነ ነጻ ሕክምና እንዲያገኝ እንጠይቃለን» የሚል ወረቀት ለማጻፍ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት፣ በአዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ወዲህ የሰውን ድህነት መስክሮ የመጻፍ ሥልጣን በእነርሱ እጅ ገባ። የደርግን ዘመን ሕክምና በነጻነቱ የሚያወድሱ ሰዎች ይህንን ወረቀት ይዘነጉታል። ሕክምናው ለድሃ ነጻ ነበር፤ ድሃ መሆን ግን በሊቀ መንበሩ ፊርማ ነበር። አባቴ በስብሰባ ያልተገኘበት ወር ቢሆን ወረቀቱ ይዘገያል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ያኔም ሊቀ መንበሩ «አልጽፍልህም» አይልም ነበር። «ማኅተሙ የለም፤ ጸሐፊው ወጥቷል» ነበር የሚለው።

ሥርዓቱ ሲለወጥ ወረቀቱ አልቀረም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ የጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው አገልግሎት እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ። ቀደም ሲል ለካርድና ለመድኃኒት የሚከፈለው ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበርና ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የብዙ ጤና ጣቢያ ጣሪያ የተጠገነው በዚህ ገንዘብ ነው። መክፈል የማይችል ድሃ ወጪ በወረዳው እንዲሸፈን ተደነገገ። ድሃው ማን እንደሆነ የሚለየው ግን እንደ ቀድሞው ቀበሌው ነው። በአክስቴ ፌስታል ውስጥ ያሉት ሁለት የቀበሌ ደብዳቤዎች የዚያ የአባቴ ወረቀት የልጅ ልጆች ናቸው።

መድን የሚባለውስ? ዘመናዊው መድን ወደ አገራችን የገባው ለመርከብ ጭነት፣ ለቡና መጋዘንና ለመኪና ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ሰዎች መድንም ደንግጓል፤ ውል የሚገባ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ በእውነት እንዲናገር፣ ቢደብቅ ውሉ እንዲፈርስ አድርጎ ነው የተጻፈው። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአገሪቱ የነበሩትን 13 የመድን ኩባንያዎች ወረሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ተዋሕደው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆኑ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 86 ዘርፉ ለግል ባለሀብት ተከፈተ። ከንጉሡ እስከ ኢሕአዴግ በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ውስጥ የአንጋጫ ገበሬ አካል በማንም ኩባንያ መዝገብ አልገባም። የሚጫንባት አይሱዙ ግን መድን ነበራት።

ከምባታ ውስጥ በተቋም ወጪ የመታከምን ነገር ቀድመው የቀመሱት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ወደ ወንጂ የወረዱት ሸንኮራ ቆራጮች ናቸው። የሆላንዶቹ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲያስጀምር ጉልበት የፈለገው ከእኛው አገር፣ ከከምባታና ከሐዲያ ነበር። ኩባንያው ሆስፒታል ነበረው። ሟቹ የአክስቴ ባል በወጣትነታቸው ሁለት ወቅት ቆርጠዋል፤ ቆንጨራ እግራቸውን ሲመታቸው በዚያ መታከማቸውን እንደ ተረት ያወሩት ነበር። «ነጩ አልጋ ላይ ተኛሁ፤ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም» ይሉ ነበር። ወቅቱ ሲያልቅና ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነጩ አልጋም እዚያው ቀረ።

በራሳችን አገር የነበረንና ያለን ሌላ ነው። በአማርኛ «ሴራ» ሲባል ተንኮል ማለት ነው፤ በከምባትኛ ግን ሕግ፣ ሥርዓት፣ የጋራ ደንብ ማለት ነው። (ይህ የትርጉም ልዩነት ስንት ሹመኛ ያሳሳተ ይሆን እያልሁ አስባለሁ።) በሴራ ሰው ቤት ሲሠራ ይረዳል፣ ሲታመም በቃሬዛ ይወሰዳል፣ ሲሞት ይቀበራል። በኋላ እድሩ በመዝገብና በወርኃዊ መዋጮ መጣ። እድር ጥንታዊ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አሁን በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሳህን አለው፤ ለሐዘንተኛው የሚሰጥ የተወሰነ ገንዘብ አለው፤ ሒሳቡም ከብዙ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይልቅ የጠራ ነው። እድር ያለ ክርክር ይከፍላል። የሚከፍለው ግን በአብዛኛው ሰው ሲሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ኢትዮጵያዊ የኅብረተሰብ ጤና ምሁር፣ እድርን ለጤና መድን መሠረት ማድረግ ይቻል እንደሆነ የመረመረ ጥናት አሳትመው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ለቀብር የሚከፍል ገበሬ፣ ላለመቀበር ለምን አይከፍልም?

መንግሥት ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከእነዚህ አንዷ ጎረቤታችን ዳምቦያ ናት። ሩዋንዳና ጋና ቀደም ብለው የጀመሩትን አይተው የመጡ ባለሙያዎች የነደፉት ነው። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ባለው ወራት ይከፍላል፤ የመጨረሻዎቹን ድሆች መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል፤ ገንዘቡ በወረዳ ደረጃ በአንድ ቋት ይቀመጣል፤ ወረዳው ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ጋር ውል ይገባል። ሙከራው ተሳካ ተብሎ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተዛመተ። ይህን በማቃለል የምናገር አይደለሁም። በልጅነቴ ወባ የያዘው ልጅ በሬ እስኪሸጥ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን እናቲቱ መታወቂያዋን ይዛ በማለዳ ትሄዳለች። በእኔ ዕድሜ ካየኋቸው የመንግሥት ሥራዎች መሐል በሙሉ ልብ ከማመሰግናቸው ጥቂቶች አንዱ ነው።

ችግሩ የቋቱ ጥበት ነው። የአንድ ወረዳ ገበሬ የሚያዋጣው ገንዘብ ለሳንባ ምች፣ ለወሊድ፣ ለተቅማጥና ለታይፎይድ ይበቃል፤ እነዚህ ብዙ ሰው የሚይዙና በርካሽ የሚድኑ በሽታዎች ናቸው። ካንሰር ተቃራኒው ነው። ጥቂት ሰው ይይዛል፤ የያዘውን ቤት ግን ያራቁታል። በመድን መሠረታዊ ሐሳብ ካየነው ሰዎች ገንዘብ የሚያዋጡት ለዚህኛው ነው፤ አልፎ አልፎ ለሚመጣውና ሲመጣ ለሚያወድመው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ መዋጮ የሚጠየቅ ገበሬ በየዓመቱ ጥቅሙን ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቋቱ በየቀኑ በሚታየው በሽታ ያልቃል። አንዲት የኬሞ ሕመምተኛ የብዙ ቤተሰብ መዋጮ ትወስዳለች። የቢሮው ሠራተኛ ይህን ያውቃል። ስለዚህ አይከለክልም፤ ያዘገያል። ሆስፒታሉም መድኑ ዕዳውን በወቅቱ እንደማይከፍለው ስለሚያውቅ ውዱን መድኃኒት አብዝቶ አያስመጣም። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ መደርደሪያ የማንም ውሳኔ አይመስልም። ውሳኔ መሆኑ የሚገባው በሩ ላይ ለሚቆመው ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሕክምናው ርቀት ይደመር። የጨረር ሕክምና በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ሌላ ቦታ አልነበረም። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሆስፒታል ማለት ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው በወር ሳይሆን በብዙ ወራት የሚቆጠር ቀጠሮ ይሰጠው ነበር፤ ዕጢው ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። የጎደለውን ሊሞሉ የተነሡም ነበሩ። በደም ካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች በስሙ ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ አዘጋጅቶ ነበር። መድን ቢኖርም ባይኖር፣ ከአንጋጫ ተነሥቶ በሆሳዕና በኩል አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው የመኝታና የመጓጓዣ ወጪ በየትኛውም መታወቂያ አይሸፈንም።

አሁን ባሕር ማዶ ላሻግራችሁ፤ እዚያ ያለው ነገር የእኛን አጥርቶ ያሳያልና። ኔሊን ፎክስ የምትባል ካሊፎርኒያዊት የሦስት ልጆች እናት የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። ሐኪሞቿ በከፍተኛ መጠን ኬሞ ከመቅኔ ንቅለ ተከላ ጋር ሊያክሟት ሲነሡ ሔልዝ ኔት የተባለው የጤና መድን ኩባንያዋ፣ ሕክምናው ገና በሙከራ ላይ ነው ብሎ አልከፍልም አለ። ወዳጆቿ ገንዘብ ለምነው አሳከሟት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 አረፈች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዳኞች ኩባንያው 89 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱ። የአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች ከዚያ በኋላ ያንን ሕክምና መከልከል ፈሩ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሕክምናው ከተለመደው ኬሞ የማይሻል መሆኑ በጥናት ተረጋገጠ። ይሻላል ብሎ ውጤት ያቀረበው የጆሃንስበርግ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ2000 መረጃውን አጭበርብሮ ተገኘ። ኩባንያው በሕክምናው ላይ የነበረው ጥርጣሬ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ምክንያቱ የሳይንስ ፍቅር ነበር ብዬ ባላምንም።

ይህን የማነሣው አሜሪካን ለማመስገን አይደለም፤ ታሞ ከኩባንያ ጋር መካሰስ ምን ያህል አስከፊ እንደሆነ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ይነግሩናል። የማነሣው ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ያቺ ሴት በእጇ «አንከፍልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚል የጽሑፍ መልስ ነበራት። መልሱ ስለነበራት ቤተሰቧ ፍርድ ቤት ቆመ፤ ፍርድ ስለነበረ አገሩ ተከራከረ፤ ስለተከራከረ ሕክምናው ራሱ ተመረመረ። አንድ የተጻፈ እምቢታ ያን ሁሉ ወለደ። የእኛ ሰው የሚጎድለው እሺታ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈው እምቢታም ነው። አክስቴ ይግባኝ ቢሉ ይግባኙ በየትኛው ውሳኔ ላይ ነው? ማንስ ወሰነ? በየትኛው ቀን? 31 ወረቀት ይዘው ውሳኔ የሌላቸው ሴት ናቸው።

በዚህ ሁሉ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። እነግራችኋለሁ። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። ከዚያም በወጣው ደንብ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተወሰነ። ለውይይት በተጠራንበት የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አንገታችንን አቅንተን ተቃወምን። ደመወዛችን ለቤት ኪራይ አይበቃም፤ በመንግሥት ሆስፒታል የሌለ መድኃኒት ለማግኘት ለምን እንከፍላለን፤ ገንዘቡስ ማን እጅ ይገባል አልን። ጥያቄዎቹ እውነተኛ ነበሩ። እኔም እጄን አውጥቼ ተናግሬአለሁ፤ ተጨብጭቦልኛልም። ትግበራው ለዓመታት ተራዘመ። ያልገባን ነገር ቢኖር፣ የእኛ የደመወዝተኞቹ መዋጮ በሌለበት አገር የካንሰርን ሸክም የሚሸከመው የገበሬው የወረዳ ቋት ብቻ እንደሚሆን ነው። የተማረውና ድምፁ የሚሰማው ሰው በዚያ መስኮት ላይ አብሮ ተሰልፎ ቢሆን ኖሮ መስኮቱ ያን ያህል ዘመን ዝም ይል ነበርን? በአዳራሹ ያን ቀን ያጨበጨቡት አብዛኞቹ ታመው በመድን አልታከሙም፤ በሥራ ባልደረባ መዋጮ ነው የታከሙት። ፖስታ ይዞ ቢሮ ለቢሮ መዞርን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የአክስቴ መድኃኒት ገንዘብ የመጣው ከየትም አይደለም፤ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ሁለተኛ ልጃቸው ብዙዎቹ የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች በሄዱበት መንገድ በሞያሌ ወጥቶ፣ ስንት አገር አቆራርጦ ጆሃንስበርግ ገብቷል። ሠፈር ውስጥ በብረት ፍርግርግ የተከለለች ስፓዛ ሱቅ አለችው፤ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በየዙሩ ይልካል። የሆሳዕናን ፎቆች አይተው «ይህ ሁሉ ከየት መጣ» የሚሉ እንግዶች መልሱን ያውቁታል፤ ስንት ኬሞ ከዚያ እንደመጣ ግን አይጠይቁም። በአገራችን የከባድ በሽታ መድን ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ድንበር የተሻገረ ልጅ። ልጅ ያልሄደበት ቤት ኬሞው በሁለተኛው ዙር ያበቃል።

አክስቴ ስምንቱንም ዙር ጨርሰዋል። ፀጉራቸው ተመልሷል፤ ነጭ ሆኖ ነው የበቀለው። ተመላሽ ገንዘቡ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልመጣም፤ አይመጣም ያለም የለም።

በጥር ወር ደግሜ ስሄድ የመዋጮ መሰብሰቢያ ወቅት ነበር። የቀበሌው ሰብሳቢ ደብተሩን ይዞ በየደጁ ይዞራል። አክስቴ ቅቤ ሸጠው ያስቀመጡትን ብር ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ቆጥረው ሰጡት፤ መታወቂያቸውም ታደሰ። እኔ ተናድጄ፣ «አክስቴ፣ እንዲህ ካንገላቷችሁ በኋላ እንደገና ይከፍላሉ?» አልኋቸው። ጎረቤታቸው ባለፈው ሳምንት በዚሁ መታወቂያ መውለዷን ነገሩኝ። ከዚያም አዲሱን ደረሰኝ ፌስታሉ ውስጥ እየከተቱ፣ «አንተስ ልጄ፣ የአንተን ከፍለሃል?» አሉኝ።

እኔ መታወቂያ የለኝም አልኋቸው።